የእሳትና የነፋስ ሥርዐት

በአቃቂ ቃሊቲ ጫፍ፣ በኮዬ ፈጬ ሜዳ ላይ ፎቅ በፎቅ እየተደረበ ከተማ ከተተከለ ወዲህ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ውኃውና ስለ መጓጓዣው ብዙ ተጽፏል፤ ብዙም ተነግሯል። መብራት በጠፋ ቍጥር ግን በየበረንዳው፣ በየደረጃው ሥርና በየጋራ መጠቀሚያ ቤቱ ስለሚነደው እሳት፣ ማለት እንጀራውን ስለሚያበስለው፣ ግድግዳውን በጥላሸት ስለሚቀባውና አንዳንድ ጊዜም በተዘጋ ክፍል ውስጥ ነፍስ ስለሚያጠፋው እሳት፣ ተረጋግቶ የሚመክር ሰው ጥቂት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዐሳብም አንድ ነው፤ የምድጃ ጥበብ ሙቀትንና ነፋስን ለየቦታው በሚገባው መጠን መደልደል መሆኑን፣ ይህንንም ጥበብ ከቤት ምጣድ አንሥተን እስከ ፋብሪካው ጋዝ አመንጪ ምድጃ ድረስ ሳንማረው ባለ ኢንዱስትሪ እንሆናለን ብሎ ማሰብ ከንቱ መሆኑን ለማስረዳት ነው።

አባቶቻችን የሥነ ፍጥረትን ነገር ሲያስተምሩ፣ መሬት፣ ውኃ፣ ነፋስና እሳት የተባሉት አራቱ ባሕርያት እርስ በርሳቸው የማይስማሙ ሲሆኑ በፈጣሪ ጥበብ ተስማምተው እንደሚኖሩ ይነግሩናል። በምድጃ ውስጥ አራቱም ይገናኛሉ፤ ምድጃው ጭቃ ወይም ብረት ነውና ከመሬት የተገኘ ነው፤ እንጨቱ ደረቀ ቢባል እንኳ በውስጡ ውኃ አይታጣም፤ ነፋስ ከሥርና ከጎን ይገባል፤ እሳትም በመካከል ይነግሣል። ከእነዚህ አንዱ ከመጠኑ ሲያልፍ ወይም ከቦታው ሲወጣ ስምምነቱ ይፈርስና ለሰው የሚተርፈው ጢስ፣ አመድና ኪሳራ ይሆናል።

እንጨት ሲነድ ያየ ሰው የሚቃጠለው እንጨቱ ራሱ ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን ከዚህ የረቀቀ ነው። እንጨት እሳት ሲነካው አስቀድሞ እርጥበቱ ተንኖ ይወጣል፤ ሙቀቱ ከ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እያለፈ ሲሄድም የእንጨቱ አካል እየፈረሰ ጋዝና የቅጥራን እንፋሎት ይሆናል። ከደረቅ እንጨት ክብደት ሦስት አራተኛው ያህል በዚህ መንገድ ወደ አየርነት የሚለወጥ ሲሆን፣ ከሰል ሆኖ የሚቀረው ጥቂቱ ነው። ነበልባል ብለን የምናየውም ያ ጋዝ ነፋስ አግኝቶ ሲቃጠል ነው፤ ጢስ ብለን የምንሸሸውም ያው ጋዝ ነፋስ አጥቶ ወይም ያለ ጊዜው ቀዝቅዞ ሲያመልጥ ነው። ስለዚህ በጢስ የምታለቅስ እናት፣ ዐይኗ ከመጎዳቱም በላይ፣ በገንዘቧ የገዛችው ማገዶ ሳይነድ ከፊቷ ሲሄድ ታያለች ማለት ነው።

ጋዝ አመንጪ ምድጃ የሚባለው ይህን ምሥጢር ዐውቆ የሚሠራው ነው። ነዳጁ ፈጽሞ እንዲቃጠል ከሚያስፈልገው ነፋስ ከአራት አንዱን ወይም ከሦስት አንዱን ያህል ብቻ ያስገባል፤ በዚያ ጥቂት ነፋስ ከ1,000 ዲግሪ የሚያልፍ ግለት በአንድ ስፍራ ይፈጠራል፤ ከዚያ የሚወጣው የተቃጠለ አየርና እንፋሎትም በጋለው ፍም መካከል ሲያልፍ ተመልሶ የሚነድ ጋዝ ይሆናል። የዚህ ጋዝ ግማሽ ያህሉ ከነፋሱ ጋር የገባ የማይነድ ናይትሮጅን ነው፤ አንድ አምስተኛ ገደማው ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ከዚያ ጥቂት የሚያንሰው ደግሞ ሃይድሮጅን ነው። ኀይሉ ከመሬት ከሚወጣው የተፈጥሮ ጋዝ በብዙ ያነሰ ቢሆንም፣ ከሰጋቱራ፣ ከቡና ገለፈትና ከእንጨት ቍርጥራጭ የሚገኝ መሆኑ ለድሃ አገር ታላቅ ጸጋ ያደርገዋል። ሁለተኛው ነፋስ ከላይ ሲሰጠው ጋዙ ጢስ አልባ በሆነ ነበልባል ይነዳል።

ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ የሚሆነው ነፋሱ በሁሉ ስፍራ በልኩ ሲደርስ ብቻ ነው። ነፋስ ቀላሉን መንገድ ይመርጣል፤ ነዳጁ ግማሹ ትልቅ ፍልጥ፣ ግማሹ ብናኝ ከሆነ፣ በሰፊው ክፍተት በኩል ቀዳዳ አበጅቶ ሲያልፍ የቀረውን ሳይነካው ይተወዋል። በዚያ በቀዳዳው ዙሪያ ግለቱ ከልክ አልፎ አመዱን ያቀልጠዋል፤ የቀለጠውም አመድ ሲበርድ ድንጋይ ሆኖ በምድጃው ሥር ያለውን ወንፊት ይደፍነዋል። ነፋስ በጎደለበት በሌላው ማዕዘን ደግሞ ቅጥራኑ ሳይሰባበር ከጋዙ ጋር ይወጣና ቧንቧውን እያጣበቀ ይዘጋዋል። አንድ ምድጃ በአንድ ጊዜ ከመጠን በላይ የጋለና ከመጠን በታች የበረደ ሊሆን ይችላል፤ በመካከሉ የተተከለው የሙቀት መለኪያ ግን መልካም ቍጥር እያሳየ ሠራተኛውን ያታልለዋል። የአማካይ ቍጥር ሐሰት እንደ ምድጃ ውስጥ የሚጎዳበት ቦታ ጥቂት ነው።

በነቢዩ በዳንኤል መጽሐፍ ናቡከደነፆር እቶኑን ከወትሮው ሰባት እጥፍ አድርገው እንዲያነዱት ባዘዘ ጊዜ፣ በውስጡ የተጣሉት ሦስቱ ወጣቶች ምንም ሳይነካቸው ነበልባሉ ወደ ውጭ ወጥቶ የጣሏቸውን ሰዎች እንደ ፈጀ ተጽፏል። ያ ተአምር ነው፤ ምድጃ መሥራትም የሚያስተምር አይደለም። ነገር ግን የንጉሡ ዐሳብ ዛሬም በብዙ ማድ ቤትና በብዙ ፋብሪካ ይገኛል፤ ሥራው አልሳካ ባለ ቍጥር ማገዶ መጨመር፣ ማራገቢያውን ማበርታት፣ እሳቱን ሰባት እጥፍ ማድረግ እንደ መፍትሔ ይቈጠራል፤ ሙቀቱም በአፉና በጭስ ማውጫው እየወጣ አንዳጁን ይለበልበዋል፤ ሊበስል የሚገባው ግን ጥሬውን ይቀራል።

ነፋስን መጠን ሰጥቶ የማስገባት ዕውቀት በአገራችን ፈጽሞ ያልነበረ አይደለም። በአማራ ክልል በአዊ ዞን፣ በፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ ገበሬዎች ዲከረንስ የሚሉትን የግራር ዓይነት እየተከሉ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቈርጠው ያከስሉታል፤ ከዚያም የሚወጣው ከሰል እስከ አዲስ አበባ ይደርሳል። አክሳዩ እንጨቱን ደርድሮ በሣርና በአፈር ካለበሰው በኋላ ለቀናት በክምሩ ዙሪያ እየዞረ አንዱን ቀዳዳ ይከፍታል፣ ሌላውን ይደፍናል፤ የጢሱን መልክ አይቶ እሳቱ የት እንደ ደረሰ ያውቃል፤ ነጭና ወፍራም ሲሆን እርጥበት ገና እየወጣ መሆኑን፣ ቀጥኖ ወደ ሰማያዊነት ሲለወጥ ግን በዚያ በኩል ከሰሉ መድረሱንና ከዚህ በኋላ የሚገባው ነፋስ ከሰሉን ራሱን እንደሚበላው ይረዳል። ይህ ሰው ሰርቲፊኬት ባይኖረውም በነፋስ ድልድል የሠለጠነ ባለሙያ ነው። የሚያሳዝነው ከአምስት ኪሎ እንጨት አንድ ኪሎ ከሰል ቢያገኝ መልካም የሚባል መሆኑ፣ ከእንጨቱም የወጣው ጋዝ ሁሉ ማንንም ሳያሞቅ ወደ ሰማይ መሄዱ ነው። የአዊ ክምር በእርግጥ ጋዝ አመንጪ ምድጃ ነው፤ ጋዙን የሚቀበለው ሰው ብቻ ጠፋ።

በሌላው ዓለም ይህ ጋዝ ተቀባይ ያገኘው ከሁለት መቶ ዓመታት በፊት ነው። ስኮትላንዳዊው ባለሙያ ዊልያም መርዶክ እ.ኤ.አ. በ1792 ከድንጋይ ከሰል ባወጣው ጋዝ የገዛ ቤቱን አበራ፤ በ1812ም የለንደንን ከተማ በጋዝ የሚያበራ ኩባንያ በንጉሥ ቻርተር ተቋቋመ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቤንዚን በጠፋበት በአውሮፓ እጅግ ብዙ መኪናዎች በጀርባቸው የእንጨት ጋዝ ምድጃ ተሸክመው ይሄዱ ነበር፤ የእነዚያም ምድጃዎች ጥበብ ነፋሱ በዙሪያው በእኩል ርቀት በተተከሉ አፍንጫዎች ገብቶ፣ የወጣው ጋዝ ሁሉ በጠባብና በጋለ ጉሮሮ እንዲያልፍ በመደረጉ ላይ ነበር፤ በዚያ ጉሮሮ የሚያልፍ ቅጥራን አብዛኛው ተሰባብሮ ጋዝ ይሆናልና።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረን ግን ለብረት ማቅለጫ የሚሆነውን ኮክ የተባለውን ከሰልና ጋዙን አብሮ የሚያወጣው ትልቁ ምድጃ ነው። ክፍሎቹ ከአሥር ሜትር በላይ የሚረዝሙ፣ ቁመታቸው ብዙ ሜትር ሆኖ ስፋታቸው ግን ግማሽ ሜትር ገደማ ብቻ የሆነ ነው፤ ሙቀቱም በሁለቱ ግድግዳዎች ውስጥ በተሠሩ ብዙ ቦዮች ይመጣል። የበሰለው ኮክ ተገፍቶ በቀላሉ እንዲወጣ ክፍሉ በአንድ ጫፍ በጥቂት ሴንቲሜትር ሰፋ ይላል፤ ስለዚህ በሰፊው ጫፍ የሚገኘው ድንጋይ ከሰል ብዙ ነው። መሐንዲሶቹም በዚያ በኩል ያሉትን ቦዮች ከሌሎቹ አብልጠው ያግላሉ፤ ይህን ያደረጉትም የክፍሉ ከሰል ሁሉ በአንድ ጊዜ እንዲደርስ ነው። መልካም ድልድል ማለት ለሁሉ አንድ ዓይነት ሙቀት መስጠት እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን፤ ለእያንዳንዱ ስፍራ የሚያስፈልገውን ያህል ሰጥቶ ፍጻሜውን አንድ ማድረግ ነው። የእኛም ምጣድ ሕግ ይኸው ነው፤ ጠርዙ በጎኑ ሙቀት ስለሚያፈስ ከመሐሉ የበለጠ ይሻል፤ ይህን ያልተረዳ ሠሪ የኤሌክትሪክ ሽቦ ቢዘረጋም፣ በእንጨት ቢያነድም፣ የሚያወጣው እንጀራ መሐሉ አርሮ ጠርዙ ዐይን ያላወጣ ይሆናል።

ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይባላል፤ ተረቱ ስለ ድንጋዩ እውነቱን ነው። የነፋሱ መንገድ ሲለወጥ ግን ወጡም ማገዶውም ይለወጣሉ። የድሮ የአዲስ አበባ ሰው ሰጋቱራ በቆርቆሮ ውስጥ ጠቅጥቆ፣ በመካከሉ ጠርሙስ አቁሞ ካወጣው በኋላ የሚቀረውን ቀዳዳ ከሥር ሲለኩሰው፣ ሳያውቀው ትንሽ ጋዝ አመንጪ ምድጃ መሥራቱ ነበር። በኋላም በ1980ዎቹ ዓመተ ምሕረት የኢነርጂ ባለሙያዎች ላቀች የተባለውን የከሰል ምድጃና ምርጥ የተባለውን በሲሚንቶ የሚሠራ የእንጀራ ምድጃ አበርክተውልናል፤ ምርጥ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶን በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ የታወቀ ነው። የአውራምባ ማኅበረሰብም ጢሱን በጭስ ማውጫ የሚያስወጣ የታሸገ የጭቃ ምድጃ ሠርቶ ብዙ ጎብኚ አስደንቋል። እነዚህ ሁሉ ምስጋና የሚገባቸው ናቸው። የእነርሱ ትልቁ ሥራ ሙቀት እንዳይባክን መከለል ነበር፤ ለእኛ የቀረልን ሥራ ደግሞ ነፋስን በሁለት በር፣ በተለካ መጠን ማስገባት ነው።

ትንሹን ሳይማሩ ትልቁን መጀመር የሚያመጣውን ለማወቅ ወደ ኢሉባቦር መመልከት ይበቃል። በ2004 ዓ.ም. በያዩ የሚገኘውን የድንጋይ ከሰል ወደ ጋዝ ለውጦ በዓመት 300,000 ቶን ዩሪያ ማዳበሪያ የሚያወጣ ፋብሪካ ለመገንባት ታቅዶ፣ ሥራው ለብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን ተሰጥቶ ነበር። ብዙ ቢሊዮን ብር ከፈሰሰበት በኋላ ሳይፈጸም ቀርቷል። የመቅረቱ ምክንያት የገንዘብና የአስተዳደር ነገር መሆኑ ብዙ ተነግሯል፤ እኔ ግን አንድ ነገር እጨምራለሁ። የዚያ ፋብሪካ ልብ ጋዝ አመንጪው ምድጃ ነው፤ በውስጡም የሚነሡት ጥያቄዎች፣ ነፋሱ በየት ይግባ፣ ግለቱ የት ይበርታ፣ አመዱ እንዴት ይውጣ የሚሉት፣ በሰጋቱራው ቆርቆሮ ውስጥ ከሚነሡት ጥያቄዎች በመጠን እንጂ በባሕርይ አይለዩም። ይህን በትንሹ የሞከሩ፣ የተቃጠሉና የተማሩ አንድ ሺህ ባለሙያዎች ቢኖሩን ኖሮ፣ ትልቁን ሥራ ስንጀምር የምንጠይቀውን ጥያቄ እናውቅ ነበር።

አሁን ወደ ኮዬ ፈጬ ልመለስ። ስፍራው ለዚህ ትምህርት የተዘጋጀ ይመስላል። የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በቅርብ ይገኛል፤ ብረት ቀልጦ የሚቀረጽባቸው ፋብሪካዎች በአቃቂ አሉ፤ የቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክ ጎረቤት ነው፤ የአናጢ ቤቶች ሰጋቱራና በቃሊቲ የሚበጠረው የቡና ገለፈት ሩቅ አይደሉም። ለኮንዶሚኒየሞቹ የተሠሩት የጋራ መጠቀሚያ ቤቶች ማገዶ እንዲነድባቸው የታሰቡ ሲሆኑ፣ በውስጣቸው ያለው እሳት ግን የአያቶቻችን ሦስት ጉልቻ ነው። በማኅበር የተደራጁ እንጀራ ጋጋሪዎችም በየአካባቢው አሉ፤ ስለ ምጣድ ግለት ከእነርሱ የበለጠ የሚያውቅ ሊቅ በየትኛውም ቤተ ሙከራ አይገኝም።

ከውጭ የሚመጣ ምድጃ እንዳለ ቢተከልም እንደማይበጅ የሚያስረዳ አንድ ነገር ደግሞ አለ። ኮዬ ፈጬ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ነው፤ በዚህ ከፍታ የሚገኘው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። በሻንጋይ ወይም በሙምባይ ተሞክሮ የመጣ ማራገቢያ እዚህ ያንኑ ያህል ዙር ቢዞርም የሚያስገባው ኦክሲጅን ያነሰ ነው፤ ቀዳዳዎቹም በዚያው ልክ ካልሰፉ ምድጃው በደንብ ሳይግል ቅጥራን ይተፋል፤ ሰውም ምድጃው መጥፎ ነው ብሎ ይጥለዋል። ስሌቱን ለአገራችን አየር ማስተካከል የባዕድ መሐንዲስ ሥራ አይደለም፤ የእኛ ነው።

ስለዚህ የከተማው አስተዳደር ከዩኒቨርሲቲው ጋር ሆኖ በኮዬ ፈጬ በአንድ የጋራ መጠቀሚያ ቤት ውስጥ ለብዙ ምጣድ የሚበቃ አንድ ጋዝ አመንጪ ምድጃ እንዲያስተክል እመክራለሁ። ነዳጁ በቅድሚያ የሚደርቅበት መጠለያ ይኑረው፤ ብናኙ ከቍርጥራጩ በወንፊት ይለይ፤ የነፋሱ አፍንጫዎች በዙሪያው በእኩል ይተከሉ፤ ሁለተኛው ነፋስ በሁለት ግድግዳ መካከል አልፎ ሞቆ ይግባ፤ ውስጡ እሳት በማይበግረው ጡብ ይለበጥ፤ ከየምጣዱ ሥር ነበልባሉን ከመሐል ወደ ጠርዝ የሚመልስ መከለያ ይደረግ። ይልቁንም ሙቀቱ በአንድ ቦታ ብቻ ሳይለካ በመሐሉ፣ በጠርዙና በየማዕዘኑ ይለካ፤ ውጤቱም በጋጋሪዎቹ ፊት ይነበብ፤ እነርሱ ደግሞ እንጀራውን ገልብጠው አይተው ይፍረዱ።

ሁለት ተቃውሞ እንደሚነሣብኝ አውቃለሁ። አንደኛው፣ ታላቁ የኅዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቆ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት ዐቅም ይዞ ሳለ ስለ ሰጋቱራና ስለ ገለፈት ማውራት ወደ ኋላ መመለስ ነው የሚል ነው። በየቤቱ ለሚጋገረው እንጀራ ኤሌክትሪክ የተሻለ መሆኑን እኔም አምናለሁ፤ በፎቅ ላይ እንጨት ይንደድ የሚል ሰው አይደለሁም። ነገር ግን አንድ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይበላል፤ በአንድ ሕንፃ ውስጥ ብዙ ምጣዶች በአንድ ጠዋት ሲጣዱ መሥመሩም ትራንስፎርመሩም ይደክማሉ። የፋብሪካው ማሞቂያ፣ የጡብ ማቃጠያውና ለብዙ ሰው የሚጋግሩት ጋጋሪዎች ሙቀት ደግሞ ከኤሌክትሪክ ብቻ ይምጣ ቢባል፣ ሞተርንና መብራትን ሊያገለግል የሚገባው ክቡር ኀይል ለተራ ግለት ይውላል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ይከብዳል። የሚወጣው ጋዝ ሽታም ቀለምም በሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተመላ ስለ ሆነ ሰው ይገድላል ይባላል፤ እውነት ነው። በብርድ ሌሊት በተዘጋ ቤት ከሰል አንድደው ተኝተው ያልነቁትን ወገኖቻችንን የገደለው ይኸው ጋዝ ነው። ግን እዚህ ላይ መመልከት ያለብን፣ በዚያ ክፍል ውስጥ ያለው ተራ የከሰል ምድጃ ራሱ ማንም ሳይሾመው ጋዝ አመንጪ መሆኑን ነው፤ ነፋሱ ስለ ጎደለው የሚያመነጨውን ጋዝ ሳያቃጥል ለተኙት ይሰጣቸዋል። በሥርዐት የተሠራው ምድጃ ግን ጋዙን ሳያጠራቅም ወዲያው በሁለተኛው ነፋስ ያቃጥለዋል፤ የተረፈውንም በጭስ ማውጫ ያስወጣል። እንዲህም ሆኖ የጋዝ መለኪያ ያልተሰቀለበት፣ መስኮትና ጭስ ማውጫ የሌለው ቤት ለዚህ ሥራ ሊፈቀድ አይገባም።

ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ደረጃ ነው። የኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት ለምድጃ የሚያወጣው መስፈርት የማገዶውን መቀነስ ብቻ ሳይመለከት፣ በምጣዱ ወይም በእቶኑ ውስጥ በጋለውና በበረደው ስፍራ መካከል ያለው ልዩነት ከስንት ዲግሪ እንዳያልፍ፣ ከሚወጣውም አየር ውስጥ ያልተቃጠለው ጋዝ ከምን መጠን እንዳይበልጥ ቢወስን፣ ሙከራውም በአገራችን ከፍታና በአገራችን ነዳጅ እንዲሆን ቢያዝ፣ ሠሪው ሁሉ ወደ ነፋሱና ወደ ሙቀቱ ድልድል ዐይኑን ለማቅናት ይገደዳል። ይህ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም፤ ጥቂት የሙቀት መለኪያ ሽቦዎች፣ አንድ የጋዝ መለኪያና ታማኝ መዝገብ ያዥ ይበቁታል።

በየዓመቱ በየመሥሪያ ቤቱ ይህን ያህል ሺህ ዘመናዊ ምድጃ ታደለ የሚል ዘገባ እንሰማለን። ከእንግዲህ እንደዚህ ያለ ቍጥር በቀረበ ጊዜ፣ የምክር ቤት አባሉም ጋዜጠኛውም ገዢዋም አንድ ጥያቄ እንዲጠይቁ እለምናለሁ፤ ሙቀቱ በስንት ቦታ ተለካ፣ ነፋሱስ በየት ገብቶ በየት ወጣ? ለዚህ የሚሆን መልስ ያለው አንድ ምድጃ፣ መልስ ከሌላቸው አንድ ሺህ ምድጃዎች ይልቅ ለአገር ይጠቅማል፤ እርሱን የሠራው እጅ ነገ ትልቁን እቶን ለመሥራት አይንቀጠቀጥምና።